ሙያ በምን ይለካል? የኦኪፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎች የውጭ አገር ልምምድና የአረጋውያን ክህሎት ጥናቶች በንጽጽር ሲመዘኑ

መግቢያ

በኦኪፔሽናል ቴራፒ የጤና ሙያ ውስጥ ሁለት የምርምር ዘርፎች ጎን ለጎን አድገዋል። አንደኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በየቤታቸው የዕለት ተግባራቸውን የማከናወን ክህሎታቸው በምን መንገድ ሊጠበቅ እንደሚችል ይመረምራል። ሁለተኛው፣ የሙያው ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ምን ተምረው እንደሚመለሱ ያጠናል። በሁለቱም ዘርፎች የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ የዚያው ሙያ መምህራን ናቸው፤ ጽሑፎቻቸውም በተመሳሳይ መጽሔቶች ይታተማሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱን አቀራርቦ ለሚያነብ ሰው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየዋል። ጥናቱ ስለ አረጋዊው ሲሆን «ምን መሥራት ቻሉ? አገልግሎቱን ካላገኙት ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩስ እንዴት ናቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥናቱ ስለ ተማሪው ሲሆን ግን «ምን የተማርህ ይመስልሃል?» ከሚለው ጥያቄ እምብዛም አይታለፍም።

ይህ ልዩነት የአጠናን ስልት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ተማሪው የሚለማመደው በሰው ላይ ነው። የተቀባዩ አገር ሕሙማን፣ በተለይም አረጋውያን፣ ቤታቸውን፣ ጊዜያቸውንና ገመናቸውን ይከፍቱለታል። ያ ልምምድ ለተማሪው እውነተኛ ችሎታ፣ ለአረጋዊውም እውነተኛ ጥቅም ማስገኘቱ ካልተመዘነ፣ አንዱ ወገን የሰጠው ሌላው የተቀበለው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ሙያው ለሚያገለግላቸው ሰዎች ያወጣውን መለኪያ ለራሱ ተማሪዎችም ሊያውለው ይገባል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሒስ የሚያጠነጥነው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙያው ስምና ይዘት

ኦኪፔሽናል ቴራፒ በአሜሪካ እንደ ሙያ የተደራጀው በ1917 ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው በ1952 ነው። ስሙን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ጉዳዩ የሥራ ቅጥርን ብቻ የሚመለከት ሊመስለው ይችላል። ሙያው ግን የሚያተኩረው ሰው ከመኝታው ተነሥቶ እስኪተኛ ድረስ በሚያከናውናቸው ተግባራት ሁሉ ላይ ነው፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ገበያ መሄድ፣ ቤተ እምነት መሳለም፣ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ሁሉ በውስጡ ይጠቃለላሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ የትከሻው መጋጠሚያ እንዲንቀሳቀስ ሲሠራ፣ የኦኪፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው ያ ትከሻ ነጠላውን ለማጣፋት መብቃቱን ይጠይቃል። በተግባር የሁለቱ ሥራ የሚገናኝበት ቦታ ብዙ ነው፤ የጥያቄያቸው መነሻ ግን ይለያያል።

እዚህ ላይ «ሙያ» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ቃሉ በቢሮ ቋንቋ ሥልጠናን ተከትሎ የሚገኝን የሥራ መስክ ቢያመለክትም፣ በቤት ውስጥ አነጋገር ግን እንጀራዋ የሰመረላት፣ ወጧ የተመሰገነላት ሴት «ባለሙያ» ትባላለች። እንዲህ ያለው ሙያ የሚታወቀው በእጅ ሥራ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውም አባባል ችሎታ በአፍ ከመነገሩ በፊት በሥራ ይገለጥ ዘንድ የሚመክር ነው። ሁለቱ የምርምር ዘርፎች ሲነጻጸሩ አንደኛው ለዚህ ምክር ቀርቦ፣ ሌላው ርቆ ይገኛል።

የአረጋውያን ጥናቶች ምን አሳዩ?

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው በፍሎረንስ ክላርክና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ1997 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል የታተመው ጥናት ነው። በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 361 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ለ9 ወራት በየሳምንቱ ለ2 ሰዓት በቡድን፣ በተጨማሪም በአጠቃላይ ለ9 ሰዓት በግል ከባለሙያ ጋር የዕለት ኑሯቸውን እየመረመሩ አደራጁ። ሁለተኞቹ በማኅበራዊ ጨዋታና መዝናኛ ብቻ ተሰባሰቡ። ሦስተኞቹ ምንም አልተደረገላቸውም። በጤና፣ በዕለት ተግባርና በኑሮ እርካታ መለኪያዎች የመጀመሪያው ቡድን ብልጫ ሲያሳይ፣ ተሰባስበው የተዝናኑት ግን ምንም ካልተደረገላቸው አልተሻሉም።

የዚህ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር ሁለተኛው ቡድን ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ አረጋውያኑን የጠቀማቸው የባለሙያው ሥራ ይሁን ወይስ ከሰው ጋር መዋል ብቻ ለመለየት ባልተቻለም ነበር። አጥኚዎቹ ለሙያቸው የማይመች ውጤት ሊያመጣ የሚችል ጥያቄ በፈቃዳቸው ጠየቁ፤ መልሱም ለሙያው መከራከሪያ ሆነ። በ2012 የታተመው ሁለተኛው ጥናታቸው በ21 ቦታዎች 460 ሰዎችን አሳትፎ፣ በሕመም ስሜት፣ በብርታት፣ በማኅበራዊ ተሳትፎና በድባቴ ምልክቶች ላይ መሻሻል ሲያሳይ፣ በማስታወስና በማሰብ ችሎታ ላይ ግን ለውጥ አለማግኘቱን በግልጽ አስፍሯል።

በአውስትራሊያ ሊንዲ ክሌምሰንና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ጥናት ሌላው ምሳሌ ነው። ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነና ቀደም ሲል ወድቀው የሚያውቁ 317 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሚዛን የመጠበቅና ጡንቻ የማጠንከር እንቅስቃሴ ለብቻው ተለይቶ ከሚሰጥ ይልቅ በዕለት ሥራ ውስጥ እንዲዋሐድ ተደረገ፤ ለምሳሌ ወደ ታች ለማንሣት ወገብን በማጉበጥ ፈንታ ጉልበትን ማጠፍ፣ ሥራ ላይ ቆሞ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስተካክሎ መቆም የመሳሰሉት። በዚህ ቡድን የመውደቅ መጠን ከማነጻጸሪያው ቡድን በ31 በመቶ ቀነሰ።

በባልቲሞር በሳራ ዛንተን መሪነት የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ 300 አረጋውያንን ያካተተ ነበር። የኦኪፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ እስከ 6 ጊዜ፣ ነርስ እስከ 4 ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄደዋል፤ የቤት ጥገና ሠራተኛም የደረጃ መደገፊያ የመትከልና የመሳሰለውን ሥራ ሠርቷል። ከ5 ወራት በኋላ እንደ መታጠብና መልበስ ባሉ መሠረታዊ ተግባራት ረገድ የሚታየው እክል ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ሲተያይ በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ምግብ ማዘጋጀትንና ገበያን በመሳሰሉ ውስብስብ ተግባራት ረገድ የታየው የ17 በመቶ ቅናሽ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን አስተማማኝ አልነበረም፤ ይህም ሳይሸፈን ተጽፏል።

እነዚህን ጥናቶች ያለ መጠን ማሞገስ አይገባም። ከመለኪያዎቻቸው ብዙዎቹ አረጋዊው ስለ ራሱ የሚሰጠው መልስ ናቸውና በዚህ በኩል እነርሱም ከትችት አያመልጡም። ሆኖም ያ መልስ ብቻውን አልተተወም፤ በዕጣ ከተለየ ቡድን ጋር ይነጻጸራል፣ የጊዜ ገደብ ተበጅቶለት ይጠየቃል፣ ያልተሳካውም ከተሳካው ጋር ይዘረዘራል። ከዚህም በላይ ሙያው ቃልን ትቶ እጅን የሚያይ መሣሪያ አለው። አን ፊሸር ያዘጋጁት የእንቅስቃሴና የሥራ ሂደት ክህሎቶች ምዘና አረጋዊው ራሱ ከመረጣቸውና ከለመዳቸው ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱን ሲያከናውን በሠለጠነ ተመልካች ዐይን 16 የእንቅስቃሴና 20 የሂደት ክህሎቶችን ከ1 እስከ 4 ነጥብ እየሰጠ ይመዝናል። ተመልካቹም ራሱ ይመዘናል፤ ነጥብ አሰጣጡ ጥብቅ ወይም ለጋስ መሆኑ ተለክቶ በውጤቱ ውስጥ ይታሰባል።

የተማሪዎች ጥናቶች ምን ይጎድላቸዋል?

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃል። በሀብታም አገሮች የሚገኙ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከዚህ ልምምድ ጥቂቱ በሌላ አገር፣ ብዙውን ጊዜም ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንዲከናወን ያደርጋሉ። ስለዚህ የሚጻፉት ጥናቶች በአመዛኙ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። ጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ይሄዳሉ፤ የዕለት ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ ሲመለሱ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል፤ የተናገሩት በጭብጥ በጭብጥ ይመደባል። የሚገኙት ጭብጦችም ተቀራራቢ ናቸው፦ በራስ መተማመን ጨመረ፣ በጥቂት ቁሳቁስ መሥራት ተለመደ፣ የራስን ባህል ከውጭ ሆኖ ማየት ተቻለ፣ ለሌላው ባህል አክብሮት አደገ።

እነዚህ ግኝቶች ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ቋንቋውን በማያውቀው አገር ውስጥ የተገኘ ወጣት የሕሙማኑን ፊትና እጅ ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ በአገሩ የተለመደው የመታጠቢያ ወንበርና የአልጋ መደገፊያ በሌለበት ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ይህን የመሰለ ልምድ በመማሪያ ክፍል አይገኝም። የተማሪው ማስታወሻም የውስጡን ለውጥ ለመረዳት የሚተካው የለም። ችግሩ የሚመጣው «ተለወጥሁ» የሚለው ቃል «ሥራዬ ተሻሻለ» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ስለ ራስ በሚሰጥ ምስክርነት ላይ መደገፍ ነው። በዘርፉ ከሚጠቀሱት መጠይቆች አንዱ፣ በ2002 ተሻሽሎ የወጣው የካምፒንሃ-ባኮት የባህል ብቃት መጠይቅ፣ በ25 ጥያቄዎች መላሹ ስለ ፍላጎቱ፣ ስለ ንቃቱ፣ ስለ ዕውቀቱ፣ ስለ ክህሎቱና ከሌሎች ጋር ስላለው ግንኙነት ራሱን እንዲመዝን ያደርጋል። እንዲህ ያለው ምዘና ምን ያህል እንደሚታመን ከሕክምናው ዓለም በቂ ትምህርት ተገኝቷል። ዴቪስና ባልደረቦቻቸው በ2006 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ ሐኪሞች ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ሌላ ሰው ተመልክቶ ከሰጣቸው ጋር በተነጻጸረባቸው 20 ንጽጽሮች፣ በ13ቱ ተዛምዶው ደካማ፣ የሌለ ወይም ተቃራኒ ሆኖ ተገኝቷል። በበርካታ ጥናቶች ራሳቸውን በመመዘን ከሁሉ የባሰ የተሳሳቱት ችሎታቸው ዝቅ ያለውና እጅግ የሚተማመኑት ነበሩ። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የተመለሰ ተማሪ መተማመኑ መጨመሩ ብቻውን የምሥራች አይደለም፤ ችሎታው አብሮ ካልጨመረ መተማመኑ ለሕሙማን ስጋት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት የንጽጽር እጦት ነው። ወደ ውጭ የሚሄዱት ተማሪዎች የፈቀዱት፣ ወጪውን የቻሉትና ቀድሞውንም ለሌላ ባህል ልባቸው የተከፈተው ናቸው። ሲመለሱ የሚታየው አክብሮት ከመሄዳቸው በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም በአገራቸው፣ ለምሳሌ ከስደተኛ ማኅበረሰብ አረጋውያን ጋር፣ ያንኑ ያህል ሳምንት የሠሩ ተማሪዎች ተመሳሳይ ለውጥ ያሳዩ እንደሆነ እምብዛም አይጠየቅም። በሎስ አንጀለሱ ጥናት ተሰባስቦ መዝናናት ከሙያ አገልግሎት እንደተለየ ሁሉ፣ እዚህም ጉዞው ከትምህርቱ ሊለይ ይገባ ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት የተቀባዩ ዝምታ ነው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 ጀምሮ ያስተዋወቁት የሥልጠና ምዘና አራት ደረጃዎች አሉት፦ ሠልጣኙ ወደደው? ተማረ? በሥራው ላይ አዋለው? በመጨረሻስ ሥልጠናው የታሰበለት ሰው ምን አገኘ? የውጭ አገር ልምምድ ጥናቶች በአብዛኛው ከሁለተኛው ደረጃ አይዘልቁም። አራተኛው ደረጃ ላይ የሚገኙት አረጋዊ በተማሪው ማስታወሻ ውስጥ እንደ ጥሩ ትዝታ ይጠቀሱ ይሆናል እንጂ ክህሎታቸው ከተማሪው መምጣት በፊትና በኋላ ተለክቶ አይቀርብም። ሙያው ለእርሳቸው ሲል ያዘጋጀው መለኪያ በእጁ እያለ ይህ መሆኑ ያስተዛዝባል።

ዕውቀት ባሕር ሲሻገር

የአረጋውያኑ ጥናት ራሱ ስለ ባሕር መሻገር የሚያስተምረው አለ። የሎስ አንጀለሱ መርሐ ግብር በብሪታንያ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ 288 ሰዎች ላይ በዕጣ ተፈተነ። ጌይል ማውንቴንና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ከ6 ወራት በኋላ በአእምሮ ጤና መለኪያው አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ለዚህ አንዱ ማብራሪያ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ከመነሻው ደኅና የአእምሮ ጤና የነበራቸው መሆኑ ነው። ቋንቋቸው አንድ፣ የጤና ባለሙያዎቻቸውም በተቀራራቢ መንገድ የሠለጠኑ በሆኑ ሁለት አገሮች መካከል አንድ መርሐ ግብር ሲሻገር ውጤቱ እንዲህ ከተለየ፣ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ የሚሻገረው ዕውቀት ያለ ምርመራ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

መለኪያዎቹም ቢሆኑ የተወለዱበትን አገር ልማድ ይዘው ይጓዛሉ። ሎውተንና ብሮዲ በ1969 ያወጡት፣ እስከ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ስልክ መጠቀምን፣ ገበያን፣ ምግብ ማዘጋጀትን፣ ቤት ማስተካከልን፣ ልብስ ማጠብን፣ መጓጓዝን፣ መድኃኒት መውሰድንና ገንዘብ መቆጣጠርን ይጠይቃል። ሲዘጋጅ ለሴቶች 8ቱም ነጥብ ሲታሰቡ፣ ለወንዶች ግን ምግብ ማዘጋጀት፣ ቤት ማስተካከልና ልብስ ማጠብ ተቀንሰው 5 ብቻ ይታሰቡ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ዘመን አሜሪካዊ አዛውንት ወጥ ቤት አለመግባታቸው አለመቻላቸውን አያመለክትም ነበር። ይህ ትዝብት ለኢትዮጵያም በእጅጉ ይሠራል። በልጅና በልጅ ልጅ ተከበው የሚኖሩ አዛውንት ውኃ የማይቀዱት፣ እጃቸውንም ሌላ ሰው የሚያስታጥባቸው በክብር እንጂ በእክል ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ያጸደቀው የአካል ጉዳትና የጤና አመዳደብ «ማድረግ መቻል» እና «በኑሮ ውስጥ ማድረግ» ተለያይተው እንዲታዩ ያደረገው እንዲህ ያለው ስሕተት እንዳይፈጸም ይረዳል።

በሌላ በኩል በመጠይቁ ያልተካተተ ክህሎት ሳይታይ ይቀራል። ቡና ማፍላትን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። አረጋዊቷ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡናውን ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፤ በብረት ምጣድ እያማሰሉ ቀለሙንና ሽታውን ተከትለው ሳያር ያወጡታል፤ በሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ ጀበናው እንዳይገነፍል ይጠብቃሉ፤ እስኪሰክን ታግሰው ሲኒዎቹን እኩል ይሞላሉ፤ አቦሉን ከቶና፣ ቶናውን ከበረካ ሳያምታቱ እንግዳ ያጫውታሉ። በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ የጣቶች ቅልጥፍና፣ የክንድ ጥንካሬ፣ የመቀመጥና የመነሣት ሚዛን፣ ቅደም ተከተል መጠበቅ፣ አደጋን አስቀድሞ ማስተዋልና ማኅበራዊ ትኩረት ሁሉ ይታያሉ። የመርሳት ችግር የጀመራቸው እናት የመጀመሪያው ምልክት የሚታይባቸው ቡናው ሲያርባቸው ወይም ጀበናው ሲገነፍልባቸው ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣ ተማሪ ይህን ሥርዓት እንደ መስተንግዶ ብቻ ተመልክቶ በማስታወሻው «የአገሬው ሰዎች እንግዳ ተቀባይ ናቸው» ብሎ ቢጽፍ ባህሉን አክብሯል፤ ከፊቱ የነበረውን የክህሎት ምዘና ግን ሳያየው አልፏል።

ተርቫሎንና መሪ-ጋርሲያ በ1998 «የባህል ብቃት» ከሚለው ይልቅ «የባህል ትሕትና» የሚለውን አስተሳሰብ ያቀረቡት፣ ሌላውን ባህል ተምሮ የሚጨረስ ትምህርት አድርጎ ማየትን በመቃወም ነበር። በዚያው ሙያ ውስጥ ካናዳዊቷ ካረን ዋሊ ሐሜል በ2009 የሙያው ንድፈ ሐሳቦች የተመሠረቱት በጥቂት ምዕራባውያን ግምቶች ላይ መሆኑን ተችተዋል። ትችቱ ከውስጥ መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ትሕትናም ቢሆን በመጠይቅ ብቻ ከተለካ ራሱን ትሑት ብሎ የሚጠራ ሰው ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል።

ሊነሡ የሚችሉ መከራከሪያዎች

ለዚህ ሒስ ሦስት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። የመጀመሪያው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተጓዥ ተማሪዎች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ በዕጣ የሚከፈል ጥናት ማካሄድ አይቻልም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም ትምህርት ቤቶች ተባብረው አንድ ዓይነት መለኪያ ቢጠቀሙ፣ ሄደው ከመጡት ጎን በአገር ውስጥ የተለማመዱትን ቢመዝኑ፣ ዕጣ ባይኖርም የተሻለ ማስረጃ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ቃለ መጠይቅን መሠረት ያደረገ ጥናት የራሱ ጥንቃቄና ዋጋ አለው የሚል ነው። ይህንንም መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ያው ስልት የተቀባዩን ባለሙያና የአረጋዊውንም ቃል ለመስማት ይበቃል። ለአንዱ ወገን ብቻ የዋለው ስልቱ ስለሚያስገድድ ሳይሆን መራጩ ስለ መረጠ ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ የልምምዱ ዓላማ ተማሪውን ማስተማር እንጂ አረጋዊውን ማከም አይደለም የሚል ነው። ይህ መልስ ግን በጤና ሙያ ሥነ ምግባር ፊት አይጸናም። ለመማር ሲባል ሕሙማንን መንካት የሚፈቀደው ሕሙማኑ ቢያንስ እንደማይጎዱ፣ የሚቻል ከሆነም እንደሚጠቀሙ ሲረጋገጥ ነው። ክራምፕና ሹገርማን ከሥራ ቡድናቸው ጋር በ2010 ያወጡት ለዓለም አቀፍ ጤና ሥልጠና የሚሆን የሥነ ምግባር መመሪያ ላኪውም ተቀባዩም ወገን ግዴታ እንዳለበት፣ ጥቅሙ የጋራ እንዲሆንና የተቀባዩ ተቋም የሚያወጣው ወጪና የሚሸከመው ጫና እንዲታሰብ ያሳስባል።

ለአስተናጋጁ የጤና ባለሙያ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦኪፔሽናል ቴራፒ ሥልጠና የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተመሠረተና በማስተርካርድ ፋውንዴሽን በተደገፈ ትብብር ነው። በዚህ ትብብር ትምህርት በሁለቱም አቅጣጫ ይጓዛል፤ ኢትዮጵያውያን መምህራንም ወደ ካናዳ ሄደው ይማራሉ። ስለዚህ ባሕር ማዶ ሄዶ መማር የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱም ሆኗል። በኤሌክትሪክ ምድጃና በመታጠቢያ ገንዳ ላይ መመዘንን ተምሮ የተመለሰ ሰው በከሰል ምድጃና በሳፋ ልብስ ማጠቢያ ፊት ምን ያህል እንደሚሠራ መመዘን ያለበት በእጁ ሥራ ነው። ተቀባዩ ወገን ኢትዮጵያ በሆነችበት ጊዜም ያው መመዘኛ ለእንግዳው ይውላል።

ስለሆነም ተማሪ እንዲቀበል የሚጠየቅ ክፍል ወይም ሆስፒታል ከመፈቀዱ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ተገቢ ይሆናል። አንደኛ፣ ተማሪው ከመምጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ሥራው በሌላ ሰው ዐይን ታይቶ ይመዘናልን? ሁለተኛ፣ የሚጎበኛቸው አረጋውያን ክህሎት በመጀመሪያና በመጨረሻ ይለካልን? የሚለካውስ በእነርሱው የዕለት ሥራ ነውን? ሦስተኛ፣ ተማሪው ሲሄድ የጀመረውን ማን ይቀጥላል? አራተኛ፣ የተቀባዩ አገር ተቆጣጣሪ ባለሙያ ለተማሪው የሚያጠፋው ሰዓት ከሕሙማኑ የሚቀነስ ከሆነ በምን ይካካሳል? አምስተኛ፣ ስለ ልምምዱ ጥናት ሲጻፍ የተቀባዩ ባለሙያ እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ነው የሚቆጠረው ወይስ ጥያቄውን በማውጣትና ጽሑፉን በመጻፍ ይሳተፋል?

እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት እንግዳን መግፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የኦኪፔሽናል ቴራፒ ተመራማሪዎች ስለ አረጋውያን ሲያጠኑ ራሳቸው የጠየቋቸው ጥያቄዎች ናቸውና ለሙያው አዲስ አይሆኑበትም። በሎስ አንጀለስ፣ በአውስትራሊያና በባልቲሞር የተካሄዱት ጥናቶች ክብር ያገኙት ለውጤታቸው ማማር ሳይሆን ውጤቱ እንዲከሽፍ ዕድል ሰጥተው በመፈተናቸው ነው። የተማሪዎች ጥናት ያንኑ ድፍረት እስኪያገኝ ድረስ የተመላሹ ተማሪ ቃል ሊደመጥ የሚገባው ምስክርነት ሆኖ ይቆያል። ፍርዱ ግን የተማሪው እጅ ሥራና የተቀባዩ አገር አረጋውያን ቃል ከተሰማ በኋላ ሊሰጥ ይገባዋል።